በማሞቂያዋ የቀናው ፓምፕ

ተረት ይዤ መጥቻለሁ፤ ጆሮ ያላችሁ ቅረቡ፣ ልብ ያላችሁ ያዙት።

በድሮ ጊዜ፣ ዕቃ ሁሉ አንደበት በነበረው ዘመን፣ ብርዱ አጥንት ሰብሮ በሚገባበት በደብረ ብርሃን ጋሽ ሽመክት የሚባሉ ፀጉር አስተካካይ ነበሩ አሉ። በሱቃቸው የመስታወት ገንዳ፣ በገንዳው ውስጥ አንድ አሮጌ አምባዛና ሰባት ትንንሽ አሳዎች ነበሩ። በአንዱ ጥግ ማሞቂያ፣ በሌላው ጥግ ፓምፕ ይኖሩ ነበር። እሷ ውሃውን ታሞቃለች፣ እሱ ውሃውን ያዞራል። እሷ ታሞቃለች፣ እሱ ያዞራል።

ፀጉሩን ሊስተካከል የመጣ ሁሉ ግን የማሞቂያዋን ቀይ መብራት እያየ፣ «ይቺ ባትኖር እነዚህ አሳዎች በብርድ ባለቁ!» ይላል። ፓምፑንስ? «ጋሽ ሽመክት፣ ይሄ የሚያጉረመርመው ደግሞ ምንድን ነው?» ይሉታል።

ፓምፑ ይህን በሰማ ቁጥር አንጀቱ ያርራል። «የምለፋው እኔ፣ የምትመሰገነው እሷ! እኔስ ብግል ማን ይከለክለኛል?» አለ።

አፉ ሲታፈን እንደሚግል ያውቃልና በመጀመሪያው ቀን ቅጠል ስቦ በአፉ ያዘ። ውሃው ዘገየ፤ ፓምፑም ለብ አለ።

«ወንድም ፓምፕ፣ ውሃው ምነው ዘገየብኝ?» አለች ማሞቂያዋ።

«አንቺ ሙቀትሽን ጠብቂ!» አላት።

በሁለተኛው ቀን በመስታወቱ ላይ ከበቀለው አረንጓዴ የውሃ ሽበት ጉንጉን ስቦ ያዘ። ውሃው ይብስ ዘገየ፤ ፓምፑም ሞቀ። ከሁሉ የምታንሰው አሳ መጥታ ጎኑን ተጠጋችና፣ «እሰይ፣ እንዴት ይሞቃል!» አለችው። እንዲህ ያለ ቃል ሰምቶ አያውቅም ነበር። ደስታው ልክ አጣ።

«ወንድም ፓምፕ፣ አሞህ ነው?» አለች ማሞቂያዋ።

«ቀናሽ አይደል?» አላት።

በሦስተኛው ቀን ጠጠር ሳበ። ጠጠሯ ጉሮሮው ላይ ተሰነቀረች። ውሃው ቀጥ አለ፤ ፓምፑም እንደ ብረት ምጣድ ጋለ። ማሞቂያዋ በዙሪያዋ ያለው ውሃ ስለሞቀላት ሥራዬን ጨረስኩ ብላ መብራቷን አጠፋች። የቀረው ውሃ ግን እንደ በረዶ ቀዘቀዘ። አየር አጠረ። አሳዎቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍቱ ጀመር። ያቺ ትንሿ አሳ ግን ሙቀት ፍለጋ ፓምፑን ተጠግታ ነበርና ግለቱ ፈጅቷት በጎኗ ተኛች።

«ተነሺ እንጂ!» አላት ፓምፑ። አልተነሣችም።

አያ አምባዛ እያለከለከ መጣ። «አንተ! የማሞቂያዋን ሙቀት በየጓዳችን የሚያደርሰው ማን ይመስልህ ነበር?»

ፓምፑ ወደ ትንሿ አሳ ተመለከተ።

«አንተ አልነበርክም?» አለው አምባዛው።

ፓምፑ ደነገጠ። ጠጠሯን ሊተፋ ታገለ፤ ጠጠሯ እንቢ አለች። ታገለ፤ እንቢ አለች።

ጋሽ ሽመክት ጠዋት ሱቃቸውን ከፍተው እጃቸውን ገንዳው ውስጥ ከተቱ። «ኧረ ጉድ! እዚህ ይፋጃል፣ እዚያ በረዶ ነው!» አሉ። ኤሌክትሪኩን ነቅለው ፓምፑን አወጡ፤ ጠጠሯን ፈለቀቁ፣ አፉንም አጠቡ። የሞተችውን አሳ በእጃቸው ይዘው ብዙ ቆዩ።

«ውሃ ውስጥ ሆኖ የሚግል ሞተር አሳ ይጨርሳል። ከእንግዲህ ቦታህ ውጭ ነው» አሉት።

ከገንዳው ጋር በጎማ ቱቦ አገናኝተው ከጠረጴዛው ሥር፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ አስቀመጡት። ፓምፑ ከዚያ ወዲያ አሳ በዓይኑ አላየም። ውሃው ግን ዞረ፣ ሙቀቱም ጥግ ለጥግ ተዳረሰ፣ አያ አምባዛና ስድስቱ አሳዎች ዳኑ። ሰዎቹ ዛሬም ማሞቂያዋን ያመሰግናሉ። ፓምፑ ይሰማል፤ አንጀቱ ትንሽ ይለበለባል፤ ቢሆንም ማዞሩን አያቆምም።

ተረቴ እዚህ አበቃ፤ ቃሉ ግን ከእናንተ ጋር ይደር፦ ቀናተኛ እሳቱን ለጎረቤት ያነድዳል፣ የሚያቃጥለው ግን የተጠጋውን ነው።