ምንም የማይጥለው ማቆያ

«አንድ ሰው ነበረ» አሉ ጡረታ የወጡት የፊዚክስ መምህር፣ «ለመጣ ሁሉ እሺ እያልኩ፣ ሰው ሁሉ ለምን ይቀየመኛል?» ብላ ለጠየቀቻቸው ልብስ ሰፊ ጎረቤታቸው።

ሰውየው የኔትወርክ ስዊች ቺፕ ይነድፍ ነበር። ስዊች ከየአቅጣጫው የመጣ መልእክት ወደየመንገዱ የሚወጣበት መስቀለኛ ነው። መውጫው ሲጣበብ መልእክቱ ተራ የሚጠብቅበት ማቆያ ሜሞሪ አለው፤ የሰውየው ሥራ ይህንን ማቆያ መሥራት ነበር። «ከመቅረት መዘግየት» ይላል ሰው፤ እሱም በዚህ ይምላል። አንድ መልእክት ቦታ አጥቶ ሲወድቅበት ሆዱ ይባባል። ስለዚህ ማቆያውን አሰፋው፤ ሲሞላበት ደግሞ አሰፋው። ሁለት ዓመት እንዲህ ሲል ዓይኑ ቀላ፣ ወገቡ ጎበጠ። ምንም ስላልወደቀ አለቆቹ አመሰገኑት፤ ምስጋና ግን ድካም አያወጣም።

ቺፑ ከተገጠመባቸው ቦታዎች አንዱ ሆስፒታል ነበር። አንድ ቀን ሰውየው ለፍተሻ እዚያ ሄዶ ኮምፒውተሩን ከፍቶ ተቀምጦ ሳለ፣ አጠገቡ አንድ ሐኪም በኔትወርኩ ከገጠር አዋላጅ ጋር ይነጋገር ነበር። አዋላጇ ደም የሚፈሳት ወላድ ይዛለች። በዚያው ሰዓት መዝገብ ቤቱ የዓመቱን ራጅ በሙሉ ወደ ውጭ እየላከ ማቆያውን ሞልቶታል። የእሷ ድምፅ ቶሎ ይገባል፤ የሐኪሙ ግን ከራጁ ኋላ ተሰልፏል።

«ዶክተር፣ የእንግዴ ልጁ አልወጣም። ሆዷን ልሽላት?»

«አዎ» አለ ሐኪሙ።

መልሱ አልደረሳትም። ጨነቃትና ሌላ ጠየቀች፤ «እትብቱን በኃይል ልሳበው?» የፊተኛው ጥያቄዋ አዎታ የደረሳት ይሄኔ ነው። «እሺ፣ ልስበው ነው» አለች።

«ተይ! እንዳትስቢ!» ሐኪሙ ጮኸ። ጩኸቱም ሄዶ ተሰለፈ።

ሰውየው በማቆያው ውስጥ የተከማቸውን በሙሉ በአንድ ትእዛዝ ደፋው። ራጁ ወደቀ፣ ጩኸቱም አብሮ ወደቀ። «ዶክተር፣ ይድገሙት!» አለ። ሐኪሙ ደገመው፤ ቃሉ ወዲያው ደረሰ፤ አዋላጇም እጇን ሰበሰበች። ወላዷ ተረፈች።

ራጁን የሚልከው ማሽን መልእክቱ እንደወደቀ ሲያውቅ ፍጥነቱን ቀንሶ እንደገና ላከ። ለካ እስከዚያ ድረስ መንገዱ መሙላቱን የነገረው አልነበረም። ሰውየው ወደ ሥራው ተመልሶ ማቆያውን አሳነሰው፤ ከልኩ ያለፈውን ገና በሩ ላይ እንዲጥልም አደረገው። እጁ ግን እየከበደው ነበር።

መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። «አንቺም እንደዚያው ነሽ፣ ልጄ። ቤትሽ ጨርቅ ተከምሯል፤ መሙላትሽን ግን ለማንም አልነገርሽም። ያቺን ቀሚሷን ሳትጨርሺላት ሰርጓ የደረሰባትን ሙሽራ፣ ጨርቋን ይዛ በመጣችበት ቀን እምቢ ብትያት፣ ትቆጣሽና ሌላ ልብስ ሰፊ ትፈልግ ነበር። አንቺ ሆድሽ አልቻለምና እሺ አልሻት። እሷም በተውሶ ቀሚስ ተዳረች።»