የናደው ፉጨትና የዘርፌ ከንፈር

አንድ ጊዜ፣ ሁለት ገደሎች እንደተኳረፉ ጎረቤቶች በተፋጠጡበት አገር፣ ዝንጀሮዎች በፉጨት ያወሩ ነበር። ዝም ብሎ ፊው ፊው ማለት እንዳይመስላችሁ! ወሬ ነው፣ ሙሉ ወሬ። «ልጄን ትኩሳት ያዘው፣ ያንቺስ ተሻለው?» ይባላል በፉጨት። «ያ ሰነፍ ባልሽ ዛሬም ፀሐይ እየሞቀ ነው?» ይባላል በፉጨት። ገደሉ ጥልቅ ነው፤ ወርዶ መውጣት ጉልበት ይነቅላል። ከወዲህ ማዶ ሆነው ሲያዩት የወዲያ ማዶ ዝንጀሮ ጉንዳን ያህላል፤ ጭጋግ የወረደ ቀንማ ጉንዳኑም የለም። ፉጨት ባይኖር እነዚያ ዘመዳሞች ገና ድሮ ተረሳስተው ነበር።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ፉጨት ለጅብ ነበር። አያ ጅቦ ወዲያ ማዶ ያለውን መስክ ገና በአንድ እግሩ ሲረግጥ፣ ቀድማ ያየችው አንዷ ታፏጫለች፤ መንጋው በሙሉ ዱብ ዱብ ብሎ ገደሉ ላይ ይንጠለጠላል። ጅብ ገደል ላይ ምን ያደርጋል? ምራቁን ውጦ ይመለሳል።

ወዲህ ማዶ ናደው የሚባል ጎረምሳ ዝንጀሮ ነበር። ናደው ቁጡ ነው፤ ዝንብ ብታርፍበት ዝንቧን ትቶ ያረፈችበትን እግሩን ይመታል። አንዲት እህት አለችው፣ ዘርፌ። ወዲያ ማዶ ተድራ፣ ወልዳ፣ ልጇን አዝላ የምትኖር። የዘርፌን ስም እናታቸው ነበረች በፉጨት ያወጣችላት፤ ከታች ይነሳና ሽቅብ ይወጣል፣ ጫፉ ላይ ትንሽ ይንቀጠቀጣል። እናት ሞተች፤ በዚያ ፉጨት የሚጠራት ናደው ብቻ ቀረ። ጠዋት ጠዋት እሱ ስሟን ያፏጫል፣ እሷ ስሙን ትመልሳለች። ይሄ ካልሆነ ለናደው አልነጋም።

አንድ ጠዋት ግን ዘርፌ ከስሙ ጋር ሌላ ነገር ጨመረች።

«ናደው! ሰማህ? እመት ቀበሮ እወንዙ ዳር የውበት ቤት ከፍታለች!»

«የምን ቤት?»

«የውበት! ድፍጥጥ አፍንጫ ሰልካካ ታደርጋለች፣ መላጣ ቂጥ በበግ ጠጉር ታለብሳለች፣ ከንፈር ታወፍራለች! ራሷም ተሰርታለች። ብታያት ከንፈሯ የበሰለ ሾላ መስሎልሃል!»

«በምን ታወፍረዋለች?»

«በንብ። በቅል ውስጥ ዘግታባቸዋለች። አንዷን በክንፏ ትይዝና ከንፈርሽ ላይ፣ ጥዝ! አለቀ። በነጻ ነው ደግሞ!»

«በነጻ?» አለ ናደው። «ቀበሮ? በነጻ?»

«አዝናልን ነው። ታች አገር እኮ መተረቻ ሆነናል፤ ከዝንጀሮ ቆንጆ ምን ይመራርጧል እየተባልን! ደግሞም ሴት ልጅ ታፏጫለች ወይ፣ ሰይጣን ነው የምትጠሩት፣ አለችን። እውነቷን ነው። ነገ ተራዬ ነው።»

ናደው ደሙ ፈላ። ቀስ ብሎ መጠየቅ ይችል ነበር። አልጠየቀም። ድንጋዩ ላይ ቆሞ፣ ሁለቱም ማዶ እየሰማ፣ አንጀቱ እስኪታጠፍ አፏጨባት፦

«ሂጂ ተነደፊ! አንቺ የጅብ ቀለብ! በዚያ መላጣ ቂጥሽ ላይ ከንፈርሽን ማን ሊያይልሽ ነው?»

ወዲህ ማዶ ያሉት በሳቅ ፈረሱ። ከወዲያ ማዶ ምንም አልተሰማም።

በማግስቱ ናደው ስሟን አፏጨ። መልስ የለም። ትንሽ ቆይቶ ደገመ። የለም። በሦስተኛው ቀን የዘርፌ ብቻ አይደለም፣ የጎረቤቶቿም ፉጨት ጠፋ። የወዲያ ማዶ ሴቶች ዝም፣ ጎረምሶቹ ዝም፣ እነዚያ ሰው አላስተኛ ያሉት አሮጊቶች እንኳ ዝም!

«ዘጉኝ!» አለ ናደው። «ተሰርተው ኮሩብኝ! እኔን፣ ናደውን፣ ፊት ነሱኝ!»

ከዚያ ወዲያ እረፍት የሚባል ነገር አጣ። ይቀመጣል፣ ይነሳል፣ ገደሉ አፋፍ ድረስ ይሄዳል፣ ይመለሳል። የነቀለውን ሣር ሳይበላ ይጥላል። በየመሐሉ ብድግ ይልና ስድብ ያፏጫል፦ «ከንፈራሞች!» «የቀበሮ ገረዶች!» «የጅብ ቀለቦች!» ጠዋት ስድብ፣ ቀትር ላይ ስድብ፣ ማታ ስድብ።

አባ ጎፈር የሚባሉ የወዲህ ማዶ ሽማግሌ አንድ ቀን እጃቸውን ትከሻው ላይ ጣል አደረጉ።

«ልጄ፣ ዝም ያለህ ሁሉ ንቆህ አይደለም። ውረድና ፊቷን እይ።»

«ፊት የነሳችኝን ፊቷን ምን ላደርገው ነው አባ!»

«እንግዲያው ፉጨትህን ቆጥብ። ሁልጊዜ ስድብ ሲወጣበት የኖረ አፍ፣ እሳት ተነሳ ቢል ማንም አይነሳለትም።»

ናደው አፍንጫዎን ይላሱ ሊል ምላሱ ጫፍ ደርሶ ነበር፤ ሽማግሌ ናቸው ብሎ ዋጠው። ግን እሺ ብሎ መቀመጥም አልሆነለትም። «ያንን ቅል ካልሰበርኩ!» አለና ቁልቁል ወደ ወንዙ ተንደረደረ።

እቀበሮ ቤት ደጅ ላይ ማንን ቢያገኝ ጥሩ ነው? አያ ጅቦን! እግሩን አጥፎ፣ ተራ እንደሚጠብቅ ጨዋ ቁጭ ብሏል።

«ተራ ያዝ፣ ተራ!» አለው ጅብ። «እኔ ቀድሜ ነው የመጣሁት።»

«አንተ ደግሞ ምንህን ልትሰራ ነው?»

«ኋላዬን። ወርዶብኛል እኮ፣ አታይም? እመት ቀበሮ ልታነሳልኝ ነው። ብቻ መጀመሪያ አንድ ሥራ አለችኝ።»

«የምን ሥራ?»

«ምስጢር ነው» አለ ጅብ፣ በኩራት። ምስጢሩ ግን ሆዱን ነፋው። «ለማንም እንዳትናገር ብላኛለች፤ ስለዚህ ላንተ ብቻ ነው የምነግርህ። ጭጋግ ሲወርድ ወዲያ ማዶ እወጣለሁ። ዓይኔ ባያይም ግድ የለም፣ በእጅህ ዳብስ ብላኛለች። ከንፈሩ ወፍራም የሆነውን ያዝ፣ እሱ አያፏጭም። ከንፈሩ ቀጭን የሆነውን ልቀቅ፣ ያጋልጥሃል። እስቲ ናማ...» አለና ያንን ሻካራ መዳፉን የናደው ከንፈር ላይ አሳረፈ። «ያንተ ቀጭን ነው። እድለኛ ነህ፣ አትበላም።»

ናደው ጀርባው ላይ ያለው ጠጉር አንድ በአንድ ቆመ።

«ቆይ፣ ቆይ... ዘርፌ ያልመለሰችልኝ... ማፏጨት አትችልም ማለት ነው?»

«ከንፈሯ ድንች አክሎ በየት በኩል ታፏጭ!» አለ ጅብ፣ በልጁ ሞኝነት ከልቡ እያዘነ።

ይሄን ጊዜ እመት ቀበሮ በበሩ ብቅ አለች። ደንበኛ እንዳይርቅባት በዚያው ጠዋት እንደገና ተነድፋ ከንፈሯ እስከ አፍንጫዋ ተቆልሏል፤ ያብለጨልጫል። ልትናገር ሞከረች፤ «ምምም» ብቻ ወጣት። ናደውን ስታይ ዓይኗ ፈጠጠ። ወደ ሰማይ ጠቆመች። ጭጋጉ ከላይ እንደ ጥጥ እየተዘረገፈ ነበር።

«ተመልከት፣ ወረደ!» ብሎ ጅብ ተነሳ። «ምሳ ደረሰ!»

ከወንዙ ወደ ወዲያ ማዶ የምታወጣው መንገድ አንዲት ናት፤ እሷን ጅብ ይዟታል። ቀበሮም ተከተለችው። ታውቀዋለች፤ ብቻውን ከተተወ አጥንት እንኳ አያስቀርላትም።

ናደው ምን ያድርግ? ጅብን ታግሎ የጣለ ዝንጀሮ ገና አልተወለደም። ፉጨት ግን ከጅብ እግር ይፈጥናል። ዞሮ ወዲህ ማዶ ባለው ቋጥኝ ላይ ተንጠላጥሎ ወጣ፤ ጥፍሩ ተላጠ፣ ጉልበቱ ደማ። ከላይ ሲደርስ ዓለም ሁሉ ነጭ ሆኗል። እጁን እንኳ አያየውም።

«ጅብ! ጅብ መጣ! ገደል ግቡ!» ብሎ አፏጨ።

ዝም።

«ጅብ ነው የምላችሁ! በከንፈራችሁ ነው የሚለያችሁ!»

ዝም። በኋላ እንደነገሩት ከሆነ፣ ወዲያ ማዶ ያሉት ሰምተውታል። «ያ ተሳዳቢ ነው» ተባባሉ በዚያ ባበጠ አፋቸው። «ዛሬም ያው የጅብ ቀለብ ነው፣ ያው ከንፈር ነው።» ጆሮ ዳባ ልበስ አሉና ሣራቸውን ግጠዋል።

«እናንተ ደደቦች!» አለ ናደው፤ አመል አይደል፣ አመለጠው። ወዲያው አፉን በሁለት እጁ ያዘ። የሽማግሌው ቃል አሁን ገና ጆሮው ውስጥ ገባ፤ እሳት ተነሳ ቢል ማንም አይነሳለትም። ጅብ አሁን የት ደርሷል? ግማሽ መንገድ? አፋፉ ላይ? ልጇን ያዘለች እህቱ መስኩ መሐል ናት ወይስ ዳር? ሊጮህ ፈለገ፣ ሊዘል ፈለገ፣ ራሱን ሊነክስ ፈለገ።

ከዚያ ተንፍሶ፣ ከንፈሩን አሹሎ፣ ስሟን አፏጨ። ስድብ የለበት፣ ጅብ የለበት። ከታች ተነስቶ ሽቅብ ወጣ፣ ጫፉ ላይ ትንሽ ተንቀጠቀጠ። እናታቸው እንዳወጣችላት።

ጠበቀ። ደገመው። ትንፋሹ ሊያልቅ ደረሰ፣ ደገመው።

ቋ!

ድንጋይ ነው። ከጭጋጉ ወዲያ ድንጋይ በድንጋይ ተመታ። ቋ! ቋ!

«ዘርፌ!» ብሎ አፏጨ። «እህቴ፣ ጅብ ነው። በሞተችው እናታችን! ገደል ግቢ!»

ለቅጽበት ምንም የለም። ከዚያ ጠጠር ሲንኮታኮት ተሰማው፣ ትንሽ፣ ከዚያ ብዙ፤ መንጋ ሲወርድ እንደሚሰማው። ናደው ሊስቅ አፉን ሲከፍት አንድ ጩኸት ጭጋጉን ሰነጠቀው። አጭር፣ የታፈነ ጩኸት። ተቋረጠ።

የማን ነው? ስሟን አፏጨ። ድንጋይ አልመለሰም። እንደገና አፏጨ። የለም! ናደው ጅብም አለ፣ ሞትም አለ፣ ግድ አልሰጠውም፤ ቋጥኙን ቁልቁል ተንከባለለ፣ ወንዙን ተሻገረ፣ ያቺን አንዲት መንገድ ሽቅብ ፈጀ። መስኩ ላይ ሲደርስ ጭጋጉ ይቀደድ ጀምሮ ነበር።

አያ ጅቦ ቁጭ ብሎ ያላምጣል። ቀይ ጠጉር ከጥርሱ እየለቀመ ይተፋል።

«ይቺኛዋ ዝንጀሮ ደግሞ ጉደኛ ናት» አለ ናደውን ሲያየው። «ቀይ፣ ጅራቷ ጎፍላላ! ሌሎቹ የት እንደገቡ እንጃ፣ ይቺ ብቻ ናት እግሬ ስር የተገኘችው። ከንፈሯን ዳበስኩ፣ እንዴት ያለ ወፍራም መሰለህ! እኔ ነኝ እንኳ አላለችም፣ ምምም ብቻ። ይልቅ እመት ቀበሮን አይተሃታል? ድርሻዋን አስቀምጬላታለሁ» ብሎ ያንን ጎፍላላ ጅራት ከፍ አድርጎ አሳየው። «ኋላዬንም ታነሳልኛለች፤ ቃሏ ነው።»

ናደው ወደ ገደሉ አፋፍ ሮጠ። ከታች፣ ከቋጥኙ ጥግ፣ ዘርፌ ልጇን አዝላ ተለጥፋለች፤ አብረዋት የሸሹት ሁሉ ከግራ ከቀኝ ተንጠልጥለዋል። ድንጋዮቿን የጣለቻቸው ገደሉን በሁለት እጇ ልትይዝ ነው። ናደው ያን ጊዜ ነው ፊቷን ያየው። ከንፈሯ አብጦ፣ ተወጥሮ፣ በጫፉ እንባ ይወርድበታል። «ፊ...» ልትል ሞከረች፤ ነፋስ ብቻ ወጣ።

ሁሉም ናደውን አዩት። አሁን ስድቡን ሊያወርደው ነው ብለው ራሳቸውን አቀርቅረው ጠበቁት። እሱ ግን ወርዶ ከኋላዋ ተቀመጠና ቀስ ብሎ የጀርባዋን ቅማል ይለቅምላት ጀመር።

አያ ጅቦ ጅራቱን ይዞ እወንዙ ዳር ቀበሮን ሲጠብቅ ሰነበተ አሉ። ቅሉን ናደው ወደ ቤቱ ሲመለስ በድንጋይ ሰብሮት ነበርና ንቦቹ ወጥተው ያገኙት እሱን ነው፤ ከንፈሩንም ኋላውንም በነጻ ሰርተው ሸኙት።

እብጠቱ ቀስ በቀስ ጎደለ። ናደው ወዲህ ማዶ ተመልሶ ጠዋት ጠዋት ስሟን እያፏጨ፣ ቋ ስትልለት ደስ እያለው ሰነበተ። አንድ ጠዋት ግን ቋ አልመጣም። ብድግ አለ። ከወዲያ ማዶ ጠማማ፣ ነፋስ የሚያፈስ ፉጨት መጣ። ስሙ ነው! ተጣሞም ቢሆን ስሙ ነው። ከዚያ ፉጨቱ ጉልበት አገኘና ሁለቱም ማዶ እየሰማ ቀጠለ፦

«አንተ ባለመላጣ ቂጥ! ማንን ነው የጅብ ቀለብ ያልከው?»

ሁለቱም ገደሎች በሳቅ ተናወጡ። ናደውም፣ ያ ቁጡው ናደው፣ ተሰድቦ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ፤ ነጋለት።

ከዚህ የምንማረው፣ ለመታየት ብለን ወገን የምንጠራበትን ከንፈር ለቀበሮ እንዳንሰጥ፣ ከንፈራችን ደህና ሆኖ የቀረልንም በስድብ እንዳንጨርሰው ነው፤ ጭጋጉ ሲወርድ ሁለታችንም እኩል ዲዳ ነንና።