«ኖር» ማለት ያልረሱት እናት

አንድ ሰው ነበር፤ እናቱን የሚጦር። እናቱን እማማ ብርነሽን የመርሳት ሕመም ያዛቸውና መጀመሪያ ቀኑን፣ ቀጥሎ ሰፈሩን፣ በመጨረሻ የገዛ ልጃቸውን ረሱ።

ቤት ድረስ የመጣች የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ጉልበታቸውን ዳሰሰችና፣ «በየቀኑ ከወንበር እየተነሡ ይቀመጡ። እንዲህ ቁጭ ብለው ከዋሉ አልጋ ላይ መቅረታቸው ነው» አለችው። ሰውየው ደነገጠ።

«እማዬ፣ ተነሽ እስቲ» ይላል።

«ምን ልሁን ብዬ?»

«ለስፖርት ነዋ።»

«እኔ ወታደር ነኝ?»

እውነታቸውን አይደል? ያለ ጉዳይ ማን ይነሣል?

አንድ ከሰዓት ጎረቤታቸው ወይዘሮ አስካለ ሊጠይቋቸው ገቡ። እማማ ብርነሽ የወንበሩን መደገፊያ ጨበጥ አድርገው «ኖር!» እያሉ ብድግ ማለት ጀመሩ። ወይዘሮ አስካለ «በእግዜር፣ በእግዜር፣ ኧረ አይነሡ» ብለው ሮጡ። ልጁም ሊያስቀምጣቸው እጁን ወደ ትከሻቸው ሰደደ። እናንተም ብትሆኑ ያንኑ ነው የምታደርጉት፤ ጨዋ አሳድጓችኋላ።

እጁ መንገድ ላይ ቀረ። ለካ እናቱ መነሣት አልረሱም። ለካ በገባ በወጣ ቁጥር «ኖር» ሊሉት ሲነሡ «አትነሺ» እያለ እግራቸውን ያሰነፈው እሱ ራሱ ነው።

ከዚያ ወዲያ ሰውየው የገዛ ቤቱ እንግዳ ሆነ። ይወጣል፣ ያንኳኳል፣ ይገባል። «ኖር!» ይላሉ። ክንዳቸውን ደግፎ ቀጥ እስኪሉ ይጠብቅና «በእግዜር» ይላል። ይቀመጣሉ። ደግሞ ይወጣል። ሰፈሩ «ይሄን ሰውዬ ምን ነካው?» አለ፤ ይበል። ውሎ አድሮ እማማ ብርነሽ ክንዱን ይዘው እስከ ደጃፍ መራመድ ጀመሩ።

ግን ወገኖቼ፣ በገቡ ቁጥር ለገዛ እናት ባዳ መሆን ቀላል ይመስላችኋል? አንድ ቀን ደጃፉ ላይ ትክ ብለው አዩትና፣ «አንተ ልጅ፣ ሁልጊዜ ትመጣለህ። የወለደችህ ታድላለች» አሉት።

«እኔም የታደልኩ ነኝ፣ እማዬ» አለ። ፊቱን አዙሮ አለቀሰ።

ከእናንተ መካከል «አታውቀኝም፣ ብሄድስ ምን ልጠቅማት?» ብላችሁ የቀራችሁ አላችሁ? ስማችሁን ረሳች? እናንተስ ስሟን ሳታውቁ፣ ማን መሆኗን ሳታውቁ፣ ሁለት እጃችሁን ይዛ «ወፌ ቆመች» ያለቻችሁ ማን ናት? ስትወድቁ ደግማ ያነሣቻችሁ ማን ናት?

ዛሬ ከዚህ ስትወጡ ሂዱ። አንኳኩ። ስትነሣ አታስቀምጧት፤ ክንዷን ያዙና ጠብቋት። ካላወቀቻችሁ፣ ውጡና እንደገና ግቡ።