መኪናውን መልሶ የገዛው ሰው

አንድ መኪና ወዳድ ሰው ነበረ።

ጋሽ ደርበው እንዲህ ብለው የጀመሩት ጎረቤታቸው ስንሻው ለጠየቃቸው ጥያቄ መልስ ሲሰጡ ነው። የስንሻውን ልጅ የሚጠይቁ ሽማግሎች ሁለት ጊዜ መጥተው «እስቲ እናስብበት» ተብለው ተመልሰዋል፤ እሑድ ለሦስተኛ ጊዜ ይመጣሉ። ልጅቷ ሽማግሌ የላከውን ወጣት ትወደዋለች፤ ስንሻውም አይጠላውም። «ግን ጋሽ ደርበው፣ ሌላ ጠያቂም መጥቷል ብላቸው ምን አለበት? የለም እንጂ። ከልቡ የሚፈልጋት መሆኑን ማየት ብቻ ነው የምፈልገው» አላቸው። ጋሽ ደርበው ብዙ ሽምግልና የተቀመጡ፣ ቶሎ የሚቆጡ ሰው ናቸው። «ዝም ብለህ ስማ» አሉትና ቀጠሉ፦

ያ ሰው እንግሊዝ ሠራሽ መኪና ነበረችው። አረንጓዴ፣ ባለሁለት ወንበር፣ መሪዋ በቀኝ በኩል የሆነ፣ ጣሪያዋ የሚከፈት፣ ዝናብ ሲመጣ ሾፌሯን ከእግረኛ እኩል የምታበሰብስ። ሠላሳ ዓመት ነዳት። ሚስቱን በእሷ አገባ፤ ልጆቹን ግን አላሳፈረባትም፣ የት ያስቀምጣቸዋል? በኋላ ዓይኑ ደከመ። ሐኪሙ «አባቴ፣ ከእንግዲህ መሪ እንዳይጨብጡ» አለው። እንግዲህ ሊሸጣት ሲነሣ ያስጨነቀው ዋጋዋ አልነበረም። እንደ ዓይኑ ብሌን የሚይዛት ሰው እጅ እንድትገባለት ነበር የሚፈልገው። አለዚያ አንዱ ገዝቶ አበባ እየለጠፈ በየሠርጉ ያከራያታል፣ ወይም ፈታትቶ ይሸጣታል።

በዚያ ከተማ የአሮጌ መኪና ወዳጆች በዓመት አንድ ጊዜ ጨረታ ያወጣሉ፤ ሰውየውም መኪናውን እዚያ አስገባት። መኪኖቹ አንድ ሰፊ ግቢ ውስጥ ይደረደራሉ፤ የመጀመሪያው ቀን የማየት ነው፣ ሁለተኛው የመጫረት። በማየቱ ቀን አንድ የቴክኒክ ትምህርት ቤት መምህር መጣ። ዋጋ አልጠየቀም። ኮቱን አውልቆ መሬት ላይ ተንጋለለና ከሥሯ ገባ። ወጥቶ ሞተሯን አስነሥቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ። ትንሽ ነድቷት ተመለሰና «ሁለተኛ ማርሽ ላይ ታኮርፋለች አይደል?» አለ። ባለቤቷ ደነገጠ። እውነት ነው፣ ታኮርፋለች።

ሰውየው በሆዱ «ይሄ ነው» አለ። ልብ በል ስንሻው፣ አውቆታል! አውቆታል፤ ግን አላረፈም። «የሚወዳትስ ይመስላል፤ ግን ምን ያህል?» የምትል ነገር ገባችበት። የአክስቱን ልጅ ጠራና «ነገ እንደ ገዢ ሆነህ ግባ። መምህሩ ሲጨምር አንተም ጨምር። እኔን እያየህ ነው ታዲያ፤ ራሴን ከነቀነቅሁልህ ቀጥል፣ ዝም ካልኩህ ተው» አለው።

በማግስቱ አጫራቹ መነሻ ዋጋዋን ጠራ። ሦስት አራት ሰው ሞክሮ ተወ፤ መምህሩና የአክስቱ ልጅ ብቻ ቀሩ። መምህሩ ይጨምራል፣ የአክስቱ ልጅም ይጨምራል። ሰውየው ሰባት ስምንት ጊዜ ራሱን ነቀነቀ፤ በነቀነቀ ቁጥር ደስ ይለዋል። «አሁንም አልለቀቃትም!» ይላል በሆዱ። በመጨረሻ መምህሩ አጠገቡ የተቀመጠችውን ሚስቱን አየት አደረጋት። ሚስቱ አቀረቀረች። እሱ የመጫረቻ ቁጥሩ ያለባትን ሰሌዳ እንደ ምንም ብሎ ከፍ አደረጋት። እዚህ ላይ መተው ነበረበት። ከዚህ በላይ ምን ሊያይ ነው? የአክስቱ ልጅ እንኳ ገብቶት «ይብቃን» በሚል ዓይን ያየዋል። ሰውየው «አንዲት ብቻ» ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

መምህሩ ሰሌዳዋን ጭኑ ላይ አስተኛት። አጫራቹ «አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ» ሲል ሰውየው በሆዱ «ጨምር፣ በእመብርሃን፣ ጨምር!» እያለ ይለምናል። ሦስተኛው ተጠራ፤ መዶሻው ወረደ። መኪናዋ ለአክስቱ ልጅ ተሸጠች፤ ማለት ለራሱ። የአጫራቹን ኮሚሽንም ከኪሱ ሊከፍል ነው።

ይኼ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት! መምህሩ ተነሥቶ መጥቶ የአክስቱን ልጅ ጨበጠው። «እንኳን ደስ አለዎት፤ ጥሩ ዕቃ ነው የያዙት» አለና ከኪሱ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። የነዳጅ ክዳን ነበር። የመኪናዋ ክዳን ከጠፋ ስንት ዘመኑ፤ ባለቤቷ በጨርቅ ነበር የሚወትፈው። መምህሩ ትናንት የነዳጅ መሙያዋን አፍ በክር ለክቶ ሄዶ፣ ቶርኖ ቤት ቆሞ፣ ከነሐስ አስቀርጾ ነው የመጣው። ገና ሳይገዛት! «ለእሷ የተሠራ ነው፣ ሌላ መኪና ላይ አይገጥምም፤ እኔ ጋ ምን ያደርጋል? ጨርቁ አደጋ አለው፣ ዛሬውኑ ያውጡት» ብሎ ሰጠው።

ሰውየው አጠገባቸው ቆሞ ሁሉንም ሰማ። «ምነው አንገቴን በሰበረው!» አለ። ሲነቀንቅ የዋለለት የፍቅር ማስረጃ መምህሩ ኪስ ውስጥ ነበር። እውነቱን እንዳያወጣ፣ የራስን ዕቃ በዘመድ ማጫረት ማጭበርበር ነው፤ ግቢው ደግሞ ሙሉ ሰው ነው። አፈረና ሹልክ ብሎ ወጣ።

በሳምንቱ ግን አላስችል አለው። መምህሩ ቤት ድረስ ሄዶ «ገዢው ትቷታል፤ ባሰኘህ ዋጋ ውሰዳት» አለው። መምህሩ ግቢው ውስጥ የሌላ አሮጌ መኪና ሞተር ከፍቶ፣ እጁ ግራሶ በግራሶ ሆኗል። «አይ አባቴ፣ ዘገዩብኝ። ያንኑ ዕለት ይቺን ገዛሁ። ሁለት የማሳድርበት ቦታም አቅምም የለኝ» አለ፤ ከልቡ አዝኖ። ቀጥሎም «ግን ያ ሰውዬ ምን ነካው? ያን ያህል ተሟሙቶ!» ብሎ ጠየቀ። ሰውየው «ደህና ዋል» ብሎት ወጣ። አረንጓዴዋ እስከ ዛሬ ሸራ ለብሳ ደጁ ላይ ቆማለች።

እንግዲህ ስንሻው፣ ልጄን ከመኪና ጋር አወዳደሩብኝ ብለህ ፊትህን እንዳታጠቁርብኝ። ጨረታ ላይ ልታወጣት ያሰብከው አንተ ነህ። እነዚያ ሽማግሎች ሁለት ጊዜ ተመልሰው ሦስተኛ የሚመጡት የሰፈራችን ጭቃ ናፍቋቸው ይመስልሃል? «ሌላ ጠያቂ አለ» ስትላቸው ልጁ ጨዋ ከሆነ እንቅፋት አልሆንባትም ብሎ ይመለሳል፤ የሚጋፋህ ጨዋ ያልሆነው ነው። በዚህ ዘዴህ ጥሩውን አባረህ መጥፎውን ልታስቀር ነው። ያ ከጭንቅላትህ የፈጠርከው ጠያቂ ደግሞ መጥቶ አያገባልህም። ሰውየው ይሻላል፤ መኪናዋ ለምን እንዳስቀራት አልጠየቀችውም። ልጅህ ግን ትጠይቅሃለች። ያን ቀን የምትመልስላትን አሁን ለእኔ ንገረኝና፣ እሑድ ሽማግሎቹን የፈለግኸውን በላቸው።