ንጹህ መዳፍ

አንዲት ሴትዮ ነበረች፣ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር። ጠዋት ጠዋት በር ላይ ትቆማለች። «ታዲያ ይሄ ምን ይገርማል?» እንዳትሉ። ቆይ ስሙኝማ!

ሁለት ሰዓት ሲሆን በሩ ይዘጋል። ያረፈደ ሲመጣ «ለምን አረፈድክ?» የለም፣ «የት ነበርሽ?» የለም። «እጅሽን አሳዪኝ!» በቃ፣ እጅ! መዳፉን ገልበጥ አድርጋ ታይና አንዱን «ግባ»፣ ሌላውን «ወላጅ አምጣ»።

ተማሪው ሁሉ ግራ ገብቶታል። አንዱ «ጥፍር ነው የምታየው» ይላል። ሌላው «ኧረ መዳፍ ታነባለች!» እናንተስ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር?

እሷ የምትፈልገው የጄሪካን ምልክት ነው! ልጅ ሆና ከቦኖ ውሃ ሳትቀዳ ትምህርት ቤት አትሄድም ነበር። የቦኖ ወረፋ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ሁሌ ታረፍዳለች፣ ሁሌ በር ላይ ትንበረከካለች። አንድ ቀን አንዲት አስተማሪ እጇን ያዝ አድርጋ፣ የጄሪካኑ እጀታ መዳፏ ላይ ያሰመረውን ቀይ መስመር አየች። «ተነሺ የኔ ልጅ፣ አንቺ እኮ ሰነፍ አይደለሽም» አለቻት።

ወይኔ! ያቺ ልጅ ያኔውኑ «ሳድግ እኔም በር ላይ እቆማለሁ» አለች። ይኸው ቆመች። አያምርም? በጣም ያምራል እኮ!

ግን አላለቀም። የስምንተኛ ክፍል ፈተና ቀን እየሩስ የምትባል ተማሪ እያለከለከች ደረሰች። በሩ ተዘግቷል።

«እጅሽን አሳዪኝ።»

ዘረጋች። ምንም የለም! ንጹህ መዳፍ።

ዳይሬክተሯ ተናደደች። «በፈተና ቀን እንኳን ትተኛለሽ? ሂጂ፣ ወላጅ አምጪ!»

እየሩስ አንገቷን ደፋች። አስቡት፣ የዓመት ልፋቷ በር ላይ ሊቀር እኮ ነው!

ዘበኛው ጋሽ ወርዶፋ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ቲቸር፣ እጇን ይተዉትና ጀርባዋን ይዩት።»

ጀርባዋን? ዞር ስታደርጋት ዩኒፎርሟ እስከ ወገቧ ርሷል። ላብ ነው? ውሃ ነው? ጠጋ ብላ ስታሸተው... ሽንት!

«ወንድሜ ነው ቲቸር» አለች እየሩስ፣ ከእፍረት ብዛት ድምጿ ሊጠፋ ምንም አልቀረው። «እማዬ አትክልት ተራ ስለሄደች አዝዬው አክስቴ ጋ አደረስኩት። መንገድ ላይ ሸናብኝ።»

«በይ ሕፃን ከሸናብሽ ተመርቀሻል፣ ታልፊያለሽ!» አሉ ጋሽ ወርዶፋ።

ዳይሬክተሯ ግን አልሳቀችም። ሹራቧን አውልቃ አለበሰቻትና እጇን ይዛ ሮጠች። አዎ፣ ዳይሬክተሯ ራሷ ሮጠች! ወረቀቱ ሲታደል ደረሱ።

ከዚያ ቀን ወዲህም እጅ ማየቷን አልተወችም። ግን አንድ ጥያቄ ጨመረች፦ «ሌላስ ምን ተሸክመሻል?»

እናንተስ? ልጅ ሆናችሁ ምን አመማችሁ? ማን «ተነሱ» አላችሁ? መዘምራን የምትመሩ፣ የክፍል አለቃ የሆናችሁ፣ ቤት ውስጥ ታናናሾቻችሁን የምትጠብቁ፣ ዛሬ በየበራችሁ ላይ ያቆመቻችሁ ያቺ ያመማችሁ ቀን ብትሆንስ? እግዚአብሔር ያቺን ቀን እንዲሁ የጣላት ይመስላችኋል? እኔ አይመስለኝም!

ግን የእናንተ ሸክም መዳፍ ላይ ስለታየ የሰው ሁሉ ሸክም መዳፍ ላይ ነው እንዴ? ነገ አንድ ሰው ንጹህ እጁን ዘርግቶ ፊታችሁ ይቆማል። እባካችሁ፣ በሩን ከመዝጋታችሁ በፊት ጀርባውን እዩለት።