የወይዘሮ ብዙነሽ ጸሎት

በአንድ ወቅት፣ ሶዶ ከተማ ዳር ባለች አንዲት ቤተ ክርስቲያን፣ ወይዘሮ ብዙነሽ የሚባሉ እናት ነበሩ። አንድያ ልጃቸው በሞተር ሳይክል አደጋ ከሞተባቸው ወዲህ ዓርብ ዓርብ ለጸሎት እየመጡ ጥግ ይዘው ይንበረከኩ ነበር። አንድ ዓርብ ታዲያ አምርረው ጮኹ፦ «ጌታ ሆይ፣ ዛሬም ለልጄ ራት አቀረብኩ። ማን ይብላልኝ? አንተ ና ብላልኝ!»

አጠገባቸው ኤፍራታ የምትባል ወጣት ዘማሪ ነበረች። ቃሉ ከጆሮዋ አልወጣ አላት። ኪቦርዷ ፊት ተቀምጣ ዜማ አወጣችለትና በሳምንቱ እሑድ ዘመረችው። ምእመኑ እያለቀሰ ቆመ። መጋቢ ጴጥሮስም ያዘጋጁትን ስብከት ትተው በመዝሙሩ ላይ ሰበኩ፤ «ይህ ዓርብ ዕለት የሰማነው የእህታችን የብዙነሽ ጸሎት ነው» ብለው በእጃቸው አመለከቱ። ሰው ሁሉ ዞረ። ወይዘሮ ብዙነሽ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው ወጡ።

መዝሙሩ ሲዘመር ላሊሾ የሚባል የአራት ልጆች አባት በአጥሩ ሥር ያልፍ ነበር። ሊሞት ቆርጦ መርዝ በኪሱ ይዟል። «ና ብላልኝ» የሚለው በድምፅ ማጉያው ሲደርሰው ወደ በሩ ዞረ። ገብቶ መርዙን መድረኩ ላይ አስቀመጠ።

በማግስቱ ወይዘሮ ብዙነሽ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ፊት ቀረቡ፤ ኤፍራታና ላሊሾም እዚያው ነበሩ። «ለጌታ የነገርኩትን ለአደባባይ አወጣችሁት። በተዘመረ ቁጥር ልጄን እንደገና እቀብራለሁ። ከእንግዲህ አይዘመር።»

«እማማ፣ ሳልጠይቅዎት መዘመሬ ጥፋት ነው» አለች ኤፍራታ። «ግን አንዴ ለጌታ የሰጠሁትን እንዴት መልሼ እወስዳለሁ?»

ላሊሾም ተነሣ። «እናቴ፣ ያ ክፉ ሐሳብ አሁንም ይመላለስብኛል። ይዞ የሚያቆየኝ ይኸው መዝሙር ነው።»

«ስንት ልጆች አሉህ?» አሉት ወይዘሮ ብዙነሽ።

«አራት።»

«ያሳድግልህ» አሉት። ቃላቸውን ግን አላነሡም።

መጋቢው ስማቸውን በመጥራታቸው ተጸጽተው ይቅርታ ጠየቁ፤ ፍርዱን ግን መስጠት አቃታቸው። ሽማግሌዎቹም ሦስት ጊዜ ተሰብስበው ሳይስማሙ ተለያዩ።

እሑድ ደረሰ። ላሊሾ ከነልጆቹ ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጧል። ወይዘሮ ብዙነሽም መጥተዋል፤ ዓይናቸው ከመድረኩ አይነቀልም። ኤፍራታ ጣቶቿን ኪቦርዱ ላይ አኑራ መጋቢውን አየች። መጋቢው ሽማግሌዎቹን አዩ።

እስቲ እናንተ ከሽማግሌዎቹ መካከል ብትሆኑ ምን ትፈርዳላችሁ? መዝሙሩ የማን ነው? የእናትየዋ፣ የዘማሪዋ፣ ወይስ የላሊሾ? ይዘመር ወይስ ይቅር?