ዚፑ የማይዘጋው ጃኬት

አንዲት የደሴ ልብስ ነጋዴ ከጅምላ ሻጩ ከአቶ ደርበው የቴሌግራም ገጽ ላይ ፎቶ አይታ፣ ቸርችራ ላተርፍበት ብላ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ጃኬት ገዛች። ጃኬቱ ሲመጣ ዚፑ አይዘጋም። የለካው ገበያተኛ ሁሉ መልሶ እየሰቀለው ይሄዳል። ቢቸግራት ማዳበሪያውን ተሸክማ፣ አቶ ደርበው አዳዲስ ቸርቻሪዎችን ሰብስበው ወደሚያሠለጥኑበት አዳራሽ ገባችና "እባክዎ ዕቃዎን ይረከቡኝ" አለቻቸው።

አቶ ደርበው በሰው ፊት ሊያሳፍሯት ፈለጉ።

"ዕቃው ምንም አልሆነም፤ መሸጥ አለማወቅ ነው። እኔ ይህንኑ ጃኬት በአንድ ቀን ነው የሸጥኩት። አንቺን ምን ያዘሽ?" አሉና ድምፅ ማጉያውን ሰጧት።

"እውነትዎን ነው" አለች ረጋ ብላ። "እርስዎ እኔን አገኙ። እኔ ግን ሳያይ የሚገዛ ሰው አጣሁ። ዛሬ እዚህ አዳራሽ ሞልተው ሳገኛቸው ደግሞ፣ እርስዎ ቀድመውኛል።"